በሳሙና ካርቶን ላይ የጻፍኩት ቀጠሮ

ከቤቴ በር ኋላ አንድ የሳሙና ካርቶን ተሰቅሏል። ፍርድ ቤቱ የልጄን ጉዳይ ለሌላ ቀን በቀጠረው ቁጥር በእስክሪብቶ እጽፍበት ነበር፤ መጀመሪያ ቀኑን፣ ከቀኑ ጎን ደግሞ ለምን እንደተቀጠረ። ዳኛ ታመመ። ዳኛ ተቀየረ። መዝገብ አልተገኘም። መብራት የለም። ምስክር አልመጣም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቀረ ፊደሌ እንደ ድንች ነው፣ ትልልቅና ጎርባጣ። ቢሆንም ይነበባል። አንዱ ፊቱ ሲሞላ ገልብጬ በጀርባው ጀመርኩ።

ልጄ የኮምባይነር ረዳት ነበር። አጨዳ ሲደርስ ከአሰላ ይወጣና ከማሽኑ ጋር ከወረዳ ወረዳ ይዞራል። የዚያን ዓመት ዴራ አጠገብ ስንዴ ሲያጭዱ ሰማዩ ጠቆረ። ዝናብ ከመጣ የቆመ ስንዴ ይበላሻል፤ ስለዚህ ገበሬው ሁሉ «ቀድማችሁ የኔን» ይላል። አንዱ ገበሬ ማሽኑ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ሲታጠፍ አይቶ ልጄን ከማሽኑ መሰላል ጎትቶ አወረደው፤ ልጄም በያዘው የብሎን መፍቻ ጭንቅላቱን መታው። ሰውየው አዳማ ሆስፒታል ብዙ ተኛ። ይኑር ይሙት ስለማይታወቅ ልጄ ዋስትና ተከለከለ። በኋላ አላህ አተረፈው፣ ሰውየው ድኖ ወደ ማሳው ተመለሰ። ልጄ ግን እዚያው እስር ቤት ቀረ።

በእኛ አገር ደም ከፈሰሰ ፍርድ ቤት ብቻውን ነገሩን አይጨርሰውም። ሁለቱ ቤተሰብ ነገ ገበያ ላይ ይገናኛል፣ ልቅሶ ላይ ይገናኛል። ስለዚህ ሽማግሌ ይዘን ዴራ ወረድን። ጉማውን፣ ማለት የደሙን ካሳ፣ አንዲት ጊደር ሰጠን። ሁላችንም እርጥብ ሣር በእጃችን ይዘን ቆምን፤ ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ሐጂ ቃሉን አወጡ፣ እኛም ተከትለን ማልን። ከዛሬ ወዲያ በዚህ ነገር አንዱ ቤተሰብ በሌላው ላይ የትም ቦታ አፉን አይከፍትም። መርቀውን ተነሣን። ወደ አሰላ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ደስ ብሎኝ ነበር። አለቀ ብዬ።

ቀጠሮው ግን አላለቀም። ካርቶኑ ላይ «ምስክር አልመጣም» የሚለው እየበዛ ሄደ። እኔ ጭኮ ነው የምሸጠው፤ ገብሱን ቆልቼ፣ አስፈጭቼ፣ በነጠረ ቅቤ አሽቼ። ለማረሚያ ቤትም የማመላልሰው እሱኑ ነው፣ ቶሎ አይበላሽም። አንድ ቅዳሜ ቅቤ ልገዛ ዴራ ገበያ ወርጄ የተመታውን ሰው እናት አገኘኋት። ሳመችኝ፣ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

«አይዞሽ እህቴ» አለችኝ። «መጥሪያ የያዘ ፖሊስ ሲመጣ ከሩቅ እናየዋለን። ጠቡን ያየን ሁሉ ማሳ እንወርዳለን። አንድ ቀን የልጄ ሚስት ጎተራ ውስጥ ገብታ ስታስነጥስ ልታስይዘን ነበር።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

«አላህ ይስጥሽ» አልኳት።

«ምነው፣ ምለን የለ? ልጅሽን በአፋችን አናስፈርድም።»

ያን ቀን ቅቤውን ተሸክሜ ስመለስ ሸክሙ አልተሰማኝም። ምስክር ከጠፋ መዝገቡ ይዘጋል፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ። ለልጄም አልነገርኩት። አንድ ቀን በድንገት በር ሲከፈትለት ያኔ እነግረዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

ሁለተኛው አጨዳ አለፈ። ሦስተኛው መጣ። መዝገቡን የያዘ ዳኛ ይቀየራል፣ አዲሱ ገና ሲያነብ እሱም ይቀየራል። ዐቃቤ ሕግ «ምስክሮቼ ይቅረቡልኝ» ይላል፣ ፖሊስ «አልተገኙም» ብሎ ይጽፋል፣ ዳኛው ይቀጥራል። የዘጋው ሰው የለም፤ የጨረሰውም የለም። አንድ ቀን ልጄ በአጥሩ ማዶ ቆሞ ጭኮውን ተቀበለኝና ሳይከፍተው እንዲህ አለኝ።

«አዮ» ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠራኝ፣ «የተፈረደበት ሰው እዚህ ከኔ የተሻለ ነው። እሱ ስንት እንደቀረው ያውቃል፣ ይቆጥራል። እኔ ከምን ላይ ልቁጠር?»

ይህን ሲል አላለቀሰም። ብዙ ነገር ፈርቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ድምፁ ግን ያስፈራኝ የለም። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ሳይጮህ ነው የሚናገረው።

በሳምንቱ ካርቶኑን ከበሩ ኋላ አውርጄ በፌስታል ጠቀለልኩና ሰብዓዊ መብት ወደሚመለከት አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ባለሙያዎቹ ማረሚያ ቤቱን ሊጎበኙ መጥተው አድራሻቸውን ለልጄ ሰጥተውት ነበር። አንዲት ወጣት የሕግ ባለሙያ ተቀበለችኝ። ካርቶኑን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ቆማ አነበበችው።

«እናቴ፣ ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ። ፊደሉን አትይው።»

«ፊደሉ ምን ሆነ? ከመዝገቡ ይሻላል። መዝገቡ ውስጥ የግማሹ ቀጠሮ ምክንያት አልተጻፈም።» ከዚያ ተቀመጠችና አስረዳችኝ። ሰው ጥፋተኛም ይሁን አይሁን ጉዳዩ በተፋጠነ ጊዜ የመታየት መብት አለው፤ የልጄ ነገር ከልክ በላይ ዘግይቷል። በፍርድ ቤቱ፣ በዐቃቤ ሕጉና በማረሚያ ቤቱ ላይ አቤቱታዬን እየጠየቀች ጻፈች። ምስክሮቹ ለምን እንደማይመጡ ግን አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። የምትጠይቀኝን ሁሉ ቀጥ ብዬ ስመልስ የዋልኩ ሴትዮ፣ ያችን ብቻ ቀሚሴ ሥር ደብቄ ወጣሁ።

ወራት አለፉና ስልክ ተደወለ። መሥሪያ ቤቶቹ ነገሩን በስምምነት መጨረስ ፈልገዋል፣ ይምጡ ተባልኩ።

ክፍሉ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ነበር። የሕግ ባለሙያዋ ከጎኔ ተቀመጠች። ፊት ለፊት ዐቃቤ ሕጉ፣ ገና ጎልማሳ ነው፤ ከፍርድ ቤት የመጣው ሬጅስትራር፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሽማግሌ፤ ከማረሚያ ቤትም አንድ መኮንን። መኮንኑ ያውቀኛል።

«እማማ፣ ዛሬ ጭኮ የለም?» አለኝ።

«ዛሬ እናንተ ናችሁ የምታበሉኝ» አልኩት። ሬጅስትራሩ ሳቀ።

እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነበር። አፌ ግን አይፈራም፣ የነጋዴ አፍ ነው። ወረቀቱን አነበቡልኝ። ለመዘግየቱ እናዝናለን ይላል። የልጁ ዋስትና በዚህ ሳምንት ይታያል ይላል። አመልካችዋ በዚህ ተስማምታ አቤቱታዋን ዘግታለች ይላል። ከዚያ የቀለም ሳጥኑን ለአውራ ጣቴ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ዋስትና! ልጄ ቤት ሊገባ ነው። እጄ ሊሄድ ነበር። ግን ገብስ ስቆላ ላዩ በስሎ ልቡ ጥሬ የሆነውን ለይቼ ነው የማወጣው፤ ይህ ወረቀት ልቡ ጥሬ ነበር።

«ፍርዱስ መቼ ነው?» አልኩ።

«እሱ በመደበኛው ቀጠሮ ይቀጥላል» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

«መደበኛው ቀጠሮ እሱ አይደል እንዴ እዚህ ያመጣኝ? ታስሮ ያላስታወሳችሁትን ልጅ ቤቱ ከገባ ማን ያስታውሰዋል? ሥራ ሊቀጠር ሲሄድ ክስ አለብህ ይባላል። ሚስት ሊያገባ ሲል ክስ አለበት ይባላል። የፍርዱ ቀን ይጻፍልኝ።»

የሕግ ባለሙያዋ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ደስ ብሎታል። ዐቃቤ ሕጉ ግን ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ካርቶን ጎትቶ በጣቱ ወደ ታች እየሄደ ማንበብ ጀመረ።

«እናት፣ ቀን ብንጽፍ ምን ይሆናል? ይኸው፣ በራስዎ እጅ የጻፉት። ምስክር አልመጣም። ምስክር አልመጣም። እዚህም። ዳኛውስ ተቀየረ፣ መብራቱም ጠፋ፤ አብዛኛው ግን ይኼ ነው። ምስክሮቹን መሬት ትዋጣቸው ሰማይ ይውጣቸው አላውቅም። በዚያም ቀን ካልመጡስ?»

መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከሁለት ዓመት በላይ የጻፍኩት ካርቶን፣ ምስክሬ ነው ብዬ ያመጣሁት፣ ተገልብጦ እኔን አየኝ።

«አንድ ሳምንት ስጡኝ» አልኩ።

ቤቴ ገብቼ ሳስብ ፍርሃቴ ሁለት ነበር። ብናገር፣ ምስክር ያሸሸችው እናትየው ናት ተብሎ ለልጄ ሊብስበት ይችላል። ደግሞ መሐላ ነው፤ መሐላ ያፈረሰ ቤት ምን እንደሚገጥመው በእኛ ዘንድ ሕፃንም ያውቃል። ዝም ብል ደግሞ ካርቶኑ አለ። ሦስተኛ ጎን የለውም እንጂ ቢኖረው እሱም ይሞላል። ሲነጋ ተነሥቼ መሐላውን ወዳሰሩት ሰው ለመሄድ ወሰንኩ። በሣር የታሰረ በሣር ነው የሚፈታው። ወሩ ግን በጋ ነበር፣ ዴራ ቆላ ነው፣ በዚያ ወር እርጥብ ሣር አይገኝበትም። ስለዚህ ወደ ጭላሎ ተራራ በኩል ወጥቼ ከምንጭ ሥር አንድ እቅፍ አጨድኩ፤ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

«እናት» አለኝ ሾፌሩ ጆንያውን አይቶ፣ «ላሟን ረስተሽ መኖዋን ብቻ ነው የጫንሽው?»

«ላሟ ቀድማ ሄዳለች» አልኩት። «ድሮ ሰጥቻታለሁ።»

ሐጂ ደጃቸው ላይ ግራር ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሣሩን ሲያዩ ለምን እንደመጣሁ ገባቸው።

«ምን ልታስፈቺ ነው?»

«ሐጂ፣ መሐላው ልጄን አስሮብኛል። ምስክር ሲሸሽ ቀጠሮው አያልቅም። እኔም እየሸሹ መሆኑን እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት።»

ረጅም ጊዜ መሬቱን በበትራቸው ጫሩ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«እኔም እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ «እንደዚያ መስሎኝ ነበር። እኛ አስታርቀን ስንነሣ ነገር ያልቃል። የመንግሥት መዝገብ ግን እርቃችንን አልሰማም፤ የነገረውም የለም። ጺሜ ነጥቶ ይህን አላወቅሁም። አንቺን ምን ብዬ ልውቀስ?»

በማግሥቱ ሁለቱን ቤተሰብ ሰበሰቡ። የተመታው ሰው እናት ልጇ ቢናገር እንዴት እንደሚሆን ሰግታ ነበር።

«ልጄ አፉን ከፍቶ ያንቺ ልጅ ቢፈረድበትስ? ኋላ ዓይኔን ታይኛለሽ?»

«ይፈረድበት» አልኳት። «ይፈረድበትና ይቁጠር። ቁጥር ያለው ነገር ያልቃል።»

ያን ጊዜ የተመታው ሰው ተናገረ። ጠባሳው ከጸጉሩ ሥር ይታያል።

«ከመሰላሉ የጎተትኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ በጥፊ ያልኩትም እኔው። ይህን ለመናገር እኮ አፌ ሲበላኝ ነው የከረመው፤ እናንተ ናችሁ ፖሊስ መጣ ባላችሁ ቁጥር ማሳ ለማሳ የምታስሮጡኝ። ካረስኩት ይልቅ የተደበቅሁበት ይበዛል።»

ሚስቱ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ሣሩን ተከፋፍለን ይዘን ቆምን። ሐጂ፣ እርቁ እንደጸና ይሁን፣ አፍ ግን ይፈታ፣ ያየ ያየውን ይናገር ብለው ፈቱት። ሣሩ ከጭላሎ ድረስ መጥቶ ጫፉ ትንሽ ጠውልጎ ነበር። ማንም ምንም አላለም።

በሳምንቱ ወደ ረጅሙ ጠረጴዛ ተመለስኩ። ከመጀመራቸው በፊት ለሕግ ባለሙያዋ በጆሮዋ ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ።

«እናቴ፣ ይህን የመናገር ግዴታ የለብዎትም።»

«አውቃለሁ። ካልተናገርኩ ግን ቀኑ ቢጻፍም ባዶ ቀን ነው።»

ተናገርኩ። ስለ ሣሩ፣ ስለ መሐላው፣ ስለ ዴራ ገበያ፣ ጎተራ ውስጥ ስላስነጠሰችውም ሴት። ዐቃቤ ሕጉ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ምስክር እንደሚሸሽ እያወቁ ነው እኛን የከሰሱን?»

«አዎ» አልኩ። «እያወቅሁ ነው።»

የሕግ ባለሙያዋ ጣልቃ ገባች። «እሳቸው አላሸሹም፤ ያወቁትም በኋላ ነው። መጥሪያው በየቀጠሮው ‹አልተገኙም› እየተባለ ሲመለስ፣ የገዛ ቤታቸው ውስጥ የሚኖሩ ገበሬዎች እንዴት አይገኙም ብሎ መጠየቅ የማን ሥራ ነበር? ሰውየው ከዳነ በኋላ ዋስትናውን እንደገና ማየትስ?»

ሬጅስትራሩ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገ። «የኛ ነበር» አለ። «እውነት ለመናገር፣ አንዳችንም ዴራ ድረስ ወርደን አልጠየቅንም። እኚህ ሴት ሣር ይዘው የወረዱትን መንገድ።»

ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን ወደ ራሱ ጎተተና «እሺ፣ ቀኑን እንጻፍ» አለ።

አዲሱ ስምምነት እንዲህ ሆነ። ልጄ በዋስ ይወጣል። ምስክሮቹ ቀኑ በተጻፈ ችሎት፣ ሳይቆራረጥ በተከታታይ ቀናት ይሰማሉ፤ ውሳኔውም በዚያው ሳምንት ይሰጣል። በዚያ ቀን ምስክር ካልቀረበ ዐቃቤ ሕግ ሌላ ቀጠሮ አይጠይቅም። ጉዳዩ ከልክ በላይ የዘገየው መሥሪያ ቤቶቹ ማድረግ የሚገባቸውን ባለማድረጋቸው እንደሆነም በግልጽ ተጻፈ፤ አቤቱታዬም በዚሁ ይዘጋል። አነበቡልኝ። ልቡም በስሏል።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አልኩ። «የእኔም ይጻፍ። ምስክሮቹ ለምን እንደማይመጡ አውቃ ዝም ብላለች በሉ።»

«ለምን ያስፈልጋል?» አለ ዐቃቤ ሕጉ። «እርስዎን የከሰሰ የለም።»

«ልጄ ማንበብ ይችላል።»

ጻፉት። የቀለም ሳጥኑን መልሼ ገፋሁትና እስክሪብቶ ጠየቅሁ። ስሜን በትልልቁ ጻፍኩ፤ ከተሰጠኝ መስመር ወጥቶ የሬጅስትራሩን ቦታ ትንሽ ነካበት። «ግድ የለም፣ እኔ ቀጭን ነኝ» አለኝ።

ልጄ በአራተኛው ቀን ቤት ገባ። ከበላ በኋላ ወረቀቱን ሰጠሁት። መስኮቱ አጠገብ ቆሞ አነበበው፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቆየ። እኔ ገብስ እየለቀምኩ እጄን አላቆምኩም።

«ሁለት ዓመት» አለ።

«ሁለት ዓመት።»

«ይህን እንዳይጽፉት ማድረግ ትችይ ነበር።»

«እችል ነበር።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ሲመሽ ተመለሰ። አላናገረኝም፣ በማግሥቱም አላናገረኝም። ፈራሁ፤ ግን ባስጻፍኩት አልተጸጸትኩም። በሦስተኛው ቀን ወፍጮ ቤት የምወስደውን ገብስ ሳይጠየቅ ተሸከመልኝ። መንገድ ላይ «ያቺ ጎተራ ውስጥ ያስነጠሰችው የቷ ናት?» አለኝ። ያን ጊዜ ይቅር እንዳለኝ አወቅሁ።

የችሎቱ ቀን ከዴራ ሁሉም መጡ፣ ሐጂም በትራቸውን ይዘው። የተመታው ሰው ያየውንና ያደረገውን ሳይሸሽግ ተናገረ፤ ልጄም መታሁት ብሎ አመነ። ጥፋተኛ ተባለ። የተፈረደበት ጊዜ እስር ቤት ከቆየው ያንሳል፤ ዳኛዋ ይህን ስታነብ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ትርፉን ማንም ሊመልስልን እንደማይችል ሁላችንም ገባን። ቢሆንም አለቀ፤ ቁጥር አገኘ።

ቤት ስንገባ፣ ከስምምነቱ በኋላ መልሼ የሰቀልኩትን ካርቶን ከበሩ ኋላ አወረድኩ። በጀርባው ታች በኩል አንድ መስመር የምትሆን ቦታ ቀርታ ነበር። ቀኑን ጻፍኩ፤ ከጎኑም «ምስክር መጣ፣ ተፈረደ» አልኩ። ልጄ በትከሻዬ በኩል አጎንብሶ አየው።

«አዮ፣ ፊደልሽ አሁንም ድንች ነው» አለኝና ካርቶኑን ተቀብሎኝ መልሶ ሰቀለው።